የግማሽ ሳህን ሰው

አንዳርጋቸው የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር እቴናት ጎኑን ልታዞርለት ወደ አልጋው ስትጠጋ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ አገኘችው። የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም ነበር። በቀኙ በኩል፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ባዶ ብርጭቆ ቆሟል፤ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት አለ። እቴናት ወረቀቱን አነበበችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ሲስተር እቴናት የወንድሟን ደም ልትመልስ መርዝ አጠጥታኛለች። አብዮታዊ ፍርድ ይሰጥልኝ። አንዳርጋቸው» ይላል።

በማግስቱ እሑድ ረፋድ ላይ ሃምሳ አለቃ ዋኘው ከዳንግላ በጭነት መኪና ቆሰበር ደረሰ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ፣ ከመናገር መስማት የሚቀለው ሰው ነበር። ከመኪናው ሲወርድ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰማ፤ ወዲያ ወዲህ አይቶ ከካፖርቱ ሥር አማተበ። ዘመኑ በግልጽ የሚማተብበት አልነበረም።

ማገገሚያው ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ፣ አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው። ከጦር ሜዳ ቆስለው የመጡና ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈስሶ ሽባ የሆኑ ሰዎች መቆምና መራመድን እንደገና ይማሩበታል። የአብዮቱ ካድሬ የነበረው አንዳርጋቸውም ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖ ሦስት ወር ተኝቶበታል። ደጁ ላይ እየተደገፉ የሚለማመዱበት ሁለት ረጃጅም የቀርከሃ መደገፊያ ቆሟል።

አስተዳዳሪው በዛብህ በር ላይ ጠበቀው።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ሟቹ ራሱ ጽፎ ጨርሶልሃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአውራጃው መኪና ይመጣል፤ ትጫናለች።»

«ወዴት?»

«ወንድሟ ወደሄደበት።»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለ ዋኘው ሰዓቱን እያየ። «ጊዜ አለን ማለት ነው።»

«ለምኑ? የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን ቁልፍ በእሷ እጅ ነው። የሚጥል በሽታ ክኒን አንድ ጠርሙስ ሙሉ ጎድሏል። በዚያ ላይ እሷ የተዘጋው ጸሎት ቤት ሰው ናት። ዛሬም ስትሠራ መዝሙር ታንጎራጉራለች።»

«መዝሙር መርዝ አይሆንም፣ ጓድ» አለና አልፎት ገባ።

ብርጭቆውን አሸተተ። ብርዝ ነው። ከሥሩ ነጭ ደቃቅ ቀርቷል። ማሩ የክኒኑን ምሬት ሸፍኖታል። ከዚያ አልጋውን ዞር ብሎ አየው። ትንሿ ጠረጴዛ በግራ በኩል ናት፤ በቀኝ በኩል ከመስኮቱ በስተቀር ምንም የለም። ከራስጌው ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የሚችለውን አትሥሩለት፤ የማይችለውን አስተምሩት።»

እቴናትን ያገኛት በተቆለፈ ክፍል፣ የደበዘዘ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ነው።

«ጠልተሽው ነበር?» አላት ሳይቀመጥ።

«በጣም።»

«እያጠብሽው?»

«እያጠብሁት። ጌታ ውደጂው ብሎኝ ነበር፤ አልቻልሁም። እጄ ግን ሥራውን አላጓደለም።»

ዋኘው ወንበር ሳበ። «ግድግዳው ላይ የለጠፍሽው ምንድን ነው?»

«ትምህርት ቤት እያለሁ የያዝሁት ነው። የታመመ ሰው ራሱን የመጠበቅ አቅሙ ይጎድላል። ነርስ የጎደለውን ብቻ ነው የምትሞላ። ከዚያ ካለፈች መልሳ ታሳምመዋለች። እሱን ራሱ እንዲበላ፣ ራሱ እንዲላጭ፣ ራሱ እንዲጽፍ ነው ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁ።»

«ወንድምሽን የገደለውን ሰው?»

«እንየው መምህር ነበር። በሰባ ዓ.ም. ከክፍል ውስጥ ነው ያወጡት፤ አንድ ሰው ስሙን ጠቁሞ። ስምንት ዓመት ሬሳው የት እንዳለ አናውቅም። የሚያውቅ አንዳርጋቸው ነበር። ቢሞትብኝ ምን አገኛለሁ? ድኖ እንዲናገር ነበር የፈለግሁ።» የጋዋኗን እጅጌ ሰበሰበች። «ምሕረት እንዳይመስልህ። ራሱን ችሎ ቆሞ፣ ያደረገውን በገዛ አፉ ሲናገር ላየው ነበር የምፈልግ።»

«ተናገረ?»

«ዓርብ ጀመረ። የቀረውን እሑድ እነግርሻለሁ አለኝ። ለሰኞ ፈቃድ ጠየቅሁ።»

«ማንን?»

«አስተዳዳሪውን። ስለ ወንድሜ ሊነግረኝ ነው ብዬ።»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማንም።»

ከኪሷ ደብተር አውጥታ ሰጠችው። የሟቹ የልምምድ ደብተር ነው። ዋኘው ገለጠው፤ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ቅጠል አገላበጠ፤ ተመልሶ መጀመሪያውን አየ። መጨረሻው ላይ አንድ ቅጠል ተቀዷል።

«ይህ የታል?»

እቴናት ዝም አለች።

«ዝምታሽ ለመኪናው ነው የሚጠቅም፣ እህቴ።»

«እስከ ዘጠኝ ድረስ ዝም እላለሁ» አለች።

የሟቹ ሚስት ያለምወርቅ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አለቀስሽ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ» አለችው። «ሃያ ዓመት ሲደበድበኝ አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ምሳውን አብልቼ ገበያ ወረድሁ። ሲስተር ጨው ቀንሽለት፣ ቅቤ ቀንሽለት ብላኛለች፤ ጎመንና ድንች ልገዛለት ነበር። ለእኔም የደም ግፊቴን ለክታ ‹አንቺም ትወድቂያለሽ› አለችኝ። እኔን ያሰበ ሰው እሷ ብቻ ናት።»

«ምሳውን ጨርሶ በላ?»

ያለምወርቅ ሳቅ አመለጣት። «እሱማ የግማሽ ሳህን ሰው ነው! በቀኝ በኩል ያለውን ይጠርግና ‹ምነው አሳነስሽብኝ› ይለኛል። ሳህኑን ሳዞርለት ‹አሁን ገና ጨመርሽ› ይላል። ጢሙንም ግማሹን ብቻ ነው የሚላጭ። በግራው በኩል ቆሜ ካልጠራሁት መኖሬንም አያውቅም። ዓይኑ ደኅና ነው፤ ልቡ ግን ግራ የሚባለውን ረስቷል። ለዚህ ነው ሲስተር ዕቃውን ሁሉ በግራው አድርጉ፣ በቀኙ ምንም እንዳታስቀምጡ፣ እየጠራችሁ አስፈልጉት ያለችን።»

ዋኘው የሟቹን ደብተር እንደገና ገለጥ አድርጎ አየና አመስግኗት ሄደ።

አትክልት አንድ እግሩን ሰሜን ጦር ሜዳ ትቶ የመጣ ወታደር ነው። ምርኩዙን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቀርከሃው ሥር ተቀምጧል።

«ለዘመቻ ስሜን የጻፈው አንዳርጋቸው ነው፣ ካላመንህ ጠይቅ» አለ ሳይጠየቅ። «አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ትራስ አፉ ላይ ላደርግበት ስንቴ አስቤያለሁ! ግን በአንድ እግር ስሸሽ ማን ይሸከመኛል ብዬ ተውሁት።»

«ቅዳሜስ?»

«ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ እዚህ ቀርከሃ ላይ ስታንገላታኝ ነበር፣ ሲስተር። ‹አትደገፍ! ራስህ ቁም!› እያለች። ከዓይኔ አልተለየችም።»

«ወደ ክፍሉ የገባ ሰው አላየህም?»

«የክፍሉ በር በቢሮው በኩል ነው፤ ከዚህ አይታይም። ሌሎቹም በሽተኞች ደጅ ፀሐይ ላይ ነበሩ። ብቻ ልምምድ ላይ ሳለን አንዳርጋቸው እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ‹ዛሬማ ማር አመጣህልኝ!› አለ፤ ሳቀ። ለማን እንደሆነ እንጃ። ‹አመጣህልኝ› ነው ያለ ግን፣ ‹አመጣሽልኝ› አላለም።»

በመጨረሻ ዋኘው ወደ በዛብህ ቢሮ ገባ።

«የሟቹ የእጅ ጽሕፈት ይገኛል? ከወረቀቱ ጋር ላስተያይ።»

በዛብህ ካዝናውን ከፍቶ ወዲያው አንድ የቆየ ደብዳቤ አወጣ። ከካዝናው ውስጥ ሌላ የቁልፍ ዘለላም ታየ። «እነሆ፤ ሳይታመም የጻፈልኝ ነው። ፊደሉ ያው ነው፣ አይተሃል?»

«ያው ነው። የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን ትርፍ ቁልፍ ይህ ነው?»

«ነው። ከካዝናው ግን ወጥቶ አያውቅም።»

«ክፍሉ ውስጥ ትገባ ነበር?»

«እኔ? የበሽተኛ ሽታ አልችልም። የሲስተርን ሪፖርት በየሳምንቱ ፈርሜ አሳልፋለሁ፤ ይበቃል።»

«ታነበዋለህ?»

«‹ሳህን አዙሩ፣ ጎን አዙሩ› የሚል ወሬ ማን ያነባል?» ብሎ ሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ሁለት ታጣቂዎችና አንድ ኃላፊ ወረዱ። ዋኘው ሁሉንም ከሟቹ አልጋ ዙሪያ ሰበሰባቸው፤ እቴናትም ወጥታ ከግድግዳው ጥግ ቆመች። ዋኘው በውሃ የተሞላ ብርጭቆ ለበዛብህ ሰጠው።

«ጓድ፣ አንዳርጋቸው በሕይወት ቢኖርና ቢጠማው፣ ይህን የት ታስቀምጥለታለህ?»

«ቲያትር ልትሠራ ነው?» አለና በቀኝ በኩል፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። «የሚሠራው ቀኝ እጁ ነው፣ አይደል?»

ያለምወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አትክልት በምርኩዙ ግራውን ጠረጴዛ ጠቆመ፤ «ጓድ፣ በቀኙ በኩል ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ከሲስተር ጋር ይጣላል እኮ! ሦስት ወር ሙሉ በቀኙ መርፌ አልተቀመጠም።»

«ቅዳሜ ግን ብርጭቆው እዚያው ደፍ ላይ ነበር» አለ ዋኘው። «ያስቀመጠው ይህን ሕግ የማያውቅ ሰው ነው። ሚስቱ ታውቃለች፤ አትክልት ያውቃል፤ ሕጉን ያወጣችው ሲስተር ናት።»

«ደንግጣ ተሳስታ ይሆናላ!» አለ በዛብህ።

«ይሆናል። ደብዳቤውስ?» ደብተሩን ገልጦ ለኃላፊው ሰጠው። «እስቲ ይዩት። ሟቹ በየቀኑ የጻፈው ነው።»

ኃላፊው አገላበጠ። ቅጠሉ ሁሉ እኩሌታው ባዶ ነው። መስመሮቹ ከወረቀቱ መካከል ጀምረው ቀኙ ላይ ተጨናንቀው ይወርዳሉ፤ በግራ በኩል አንድም ፊደል የለም።

«ይህ ሰው የወረቀትን ግራ ጎን አያውቀውም። ግማሽ ሳህን ይበላል፣ ግማሽ ጢም ይላጫል፣ በግማሽ ወረቀት ይጽፋል። አሁን መክሰሻውን ይዩ።» ከብርጭቆው ሥር የተገኘውን ዘረጋ። «ከግራው ጫፍ ጀምሮ እስከ ቀኙ ጫፍ፣ ቀጥ ብሎ። ፊደሉ የእሱ ነው፤ ገጹ ግን የጤነኛ ሰው ነው። የጻፈው ሰው የአንዳርጋቸውን ጽሕፈት የቀዳው ሳይታመም ከጻፈው ደብዳቤ ነው። ያ ደብዳቤ የሚገኘው በዚህ ግቢ አንድ ካዝና ውስጥ ነው፤ ትርፉ ቁልፍም እዚያው ነው።»

ዋኘው ወደ በዛብህ ዞረ።

«ይህን ሁሉ ለማወቅ ወደዚህ አልጋ መጠጋት እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ሲስተር በየሳምንቱ ጽፋዋለች። ብቻ አንተ ፈርመህ አሳለፍኸው። ስለ እንየው ሊነገራት መሆኑንም የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ያን መምህር አንድ ሰው ጠቁሞ አስይዞታል። አንዳርጋቸው እሑድ የሚናገረው የዚያን ሰው ስም ነበር። አንተ ስሙን ቀድመህ አፈንኸው፤ በደሉንም በእሷ ላይ ጫንኸው።»

በዛብህ ወደ ኃላፊው ዞረ። «ጓድ፣ ለአንዲት የጴንጤ ነርስ ተብሎ እኔን...»

«ከንግግር በፊት ላስታውስ» አለ ዋኘው ድምፁን ሳያነሣ። «የሞተው የአብዮቱ ሰው ነው። አብረውት የሠሩ ሁሉ ዛሬም ሥልጣን ላይ ናቸው። ጓዳቸውን ማን እንደገደለው ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ኃላፊው ደብተሩን፣ ከዚያ መክሰሻውን፣ ከዚያ በዛብህን አየ። ታጣቂዎቹን በአገጩ ጠቆማቸው። ካቴናው ለእቴናት መጥቶ ነበር፤ የበዛብህ እጅ ላይ ገባ።

በዛብህ ሲያልፍ ከእቴናት ፊት ቆመ። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ደስ አይበልሽ። ወንድምሽ ያለበት ምሥጢር ከአንዳርጋቸው ጋር ተቀብሯል። እኔ ከምነግርሽ ምላሴን እነክሳለሁ።»

እቴናት ከጋዋኗ ሥር የተቀደደውን ቅጠል አውጥታ ዘረጋችው። እኩሌታው ባዶ ነው። በቀኙ በኩል የተንቀጠቀጡ ፊደላት ወርደዋል፤ የአንድ ጫካ ስም፣ የአንድ ወፍጮ ስም፣ «ከሦስተኛው ቀርከሃ ሥር» የሚል።

«ቦታውን ዓርብ ጽፎልኛል» አለችው። «የቀረኝ ወንድሜን አሳልፎ የሰጠው ሰው ስም ነበር። ለዚህ ነው ዝም ያልሁ፤ ቦታው ተቀብሮ እንዲቀር የሚፈልገው ማን እንደሆነ ላይ ፈልጌ። ስሙን ደግሞ አንተው ነገርኸኝ።»

ታጣቂዎቹ በዛብህን ወደ መኪናው ገፉት።

ዋኘው ኮፍያውን አነሣ። «ቅጠሉን ቀድመሽ ብታሳዪኝ ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምን።»

«ብናገር ኖሮ ሌላ ሰው ሊናገርለት ይችል ነበር። ወንድሜን የሰጠው ሰው ራሱ በአፉ እንዲናገር ነበር የፈለግሁ» አለች እቴናት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ የለጠፈችውን ወረቀት በጥንቃቄ ላጠችና አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«የሰኞ ፈቃድሽን ማን ይፈርምልሽ?» አላት ዋኘው።

«አስተዳዳሪ የለንም» አለች። «ራሴ እሄዳለሁ።»

አትክልት ምርኩዙን ይዞ ተነሣ። «አካፋ የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻል፣ ሲስተር። አልደገፍም፤ ራሴ እቆማለሁ።»