የሽቱን ጆሮ ማን ይደግፍ?

ሽቱ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ፣ አንዱ ጉንጯ እንደ ብርቱካን አብጦ ነበር።

«አባዬ፣ ጉንጬ ውስጥ ምን ገባ?»

አባቷ ዳምጤ ልብስ ሰፊ ነው። ስፌቱን ትቶ፣ ሽቱን አቅፎ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

በጤና ጣቢያው ጋሽ አምሳሉ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። ጋሽ አምሳሉ ሁልጊዜ ልጅ የሚያናግሩት ቁጢጥ ብለው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ነበር።

ያን ቀን ግን ሰልፉ ረጅም ነበር። ቁጢጥ ሳይሉ፣ ጎንበስ ብለው ብቻ የሽቱን ጉንጭ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«አፍሽን ክፈቺ። አ በይ!»

«አአአአ!»

ከዚያ ቀና አሉና ለአባቷ፣ «ጆሮ ደግፍ ነው» አሉት።

ሽቱ ደነገጠች። ጆሮ ደግፍ? ጆሮዬ ሊወድቅ ነው እንዴ?

ከጤና ጣቢያው እንደወጡ፣ «አባዬ፣ ደግፍ!» አለች።

«ምኑን?»

«ጆሮዬን ነዋ! ሐኪሙ ደግፍ ብለውሃል።»

«አንቺ አትደግፊውም?»

«ለእኔ ቢሆን ደግፊ ይሉኝ ነበር። ደግፍ ያሉት አንተን ነው!»

አባቷ ሳቀ። ሽቱ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አባቷ ሳቁን አቆመ። እጁን ሰደደና ጆሮዋን ደገፈ።

ቤት ገቡ። አባቷ እጁን ሊያወርድ ሲል፣ «ደግፍ! ደግፍ!»

ሾርባ ሊያቀርብላት ሲነሳ፣ «ደግፍ! ደግፍ!»

ጭኑ ላይ አስቀምጧት በአንድ እጁ መስፋት ጀመረ። ትክ ትክ ትክ... ጨርቁ ወዲያ ሸሸ። ክሩ ወዲህ ተጠመጠመ።

ትክ... ትክ... ቀጭ! መርፌው ተሰበረ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

ጋሽ አምሳሉ ናቸው። የሚሰፋላቸውን ነጭ ጋዋን ሊወስዱ መጡ።

«ዳምጤ፣ ጋዋኔ ደረሰ?»

«አልደረሰም ጋሼ። ያለው አንድ እጅጌ ብቻ ነው።»

«ምነው?»

«እኔም ከትናንት ወዲህ ያለኝ አንድ እጅ ብቻ ነው።»

ጋሽ አምሳሉ ሽቱን አዩ። ጆሮዋን የያዘውን እጅ አዩ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ነዎት ደግፍ ያሉት!» አለች ሽቱ።

ጋሽ አምሳሉ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና ቁጢጥ አሉ። አሁን ዓይናቸው ከዓይኗ ጋር እኩል ሆነ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሽቱዬ። የታመምሽው አንቺ፣ የነገርኩት ለአባትሽ።»

«ጆሮ ደግፍ የበሽታ ስም ነው» ብለው ቀጠሉ። «ትእዛዝ አይደለም። እዚህ ጋ፣ ከጆሮሽ ሥር፣ ምራቅ የሚሠራ ትንሽ ነገር አለ። የምራቅ ዕጢ ይባላል።»

«እሱ ነው ታሞ ያበጠው» አሉ ጋሽ አምሳሉ። «እብጠቱ ጆሮሽን ከሥር የደገፈው ይመስላል። ለዚህ ነው መሰለኝ ጆሮ ደግፍ ያሉት።»

«ታዲያ ጆሮዬ አይወድቅም?»

«አይወድቅም! ጆሮ በክር የተሰፋ ቁልፍ አይደለም።»

«እኔም ልጅ ሆኜ ይዞኝ ነበር» አለ አባቷ። «ማንም አልደገፈልኝም።»

ሽቱ የአባቷን ጆሮዎች ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሁለቱም አሉ!

«እሺ፣ ልቀቅ» አለች። «ግን ቀስ ብለህ!»

አባቷ አንድ ጣቱን አነሳ። ሁለት... ሦስት... አራት...

ሽቱ ዓይኗን ጭፍን አደረገች።

አምስት!

ምንም ነገር አልወደቀም።

ሽቱ ጆሮዋን ዳሰሰች። «አለ!» ራሷን ነቀነቀች። «አለ!» ዘለለች። «ጆሮዬ አለ!»

ከዚያማ ጥያቄው በረታ። «የወፍ በሽታ የያዘው ሰውስ ይበራል?»

«አይበርም!» አሉ ጋሽ አምሳሉ። «ዓይኑ ቢጫ ይሆናል እንጂ ክንፍ አያወጣም። ሐኪም ያየዋል።»

«ሆድ ቁርጠትስ ሆድ ይቆርጣል?»

«አይቆርጥም። ሆድ ጭምድድ ሲልና ሲያም ነው።»

«እኔስ መቼ ነው የምድነው?»

«ከሳምንት በኋላ የጉንጭሽ እብጠት ይጎድላል። እስከዚያ ዕረፊ፣ ውኃ ጠጪ፣ ለስላሳ ለስላሳውን ብዪ። ሎሚ ይቅርብሽ፣ ያምሻል። ለጥቂት ቀንም ከልጆች ራቅ በይ፣ እንዳይዛቸው።»

ጋሽ አምሳሉ ሄዱ። አባቷ በሁለት እጁ ሰፋ። ትክ ትክ ትክ ትክ! ሁለተኛው እጅጌ ገባ።

ሲመሽ ሽቱ አልጋዋ ላይ ወጣች። ጉንጯ ገና እንዳበጠ ነው፤ ትንሽ ትንሽም ያማታል።

አባቷ ብርድ ልብሱን አለበሳትና አጠገቧ ቁጭ አለ። ሳያስበው እጁ ወደ ጆሮዋ ሄደ።

ሽቱ እጁን ያዘች። ሳም አደረገችና መልሳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«አባዬ፣ ሂድ ተኛ» አለችው። «ጆሮዬ ራሱን ችሏል።»