የጌጃ ሰፈሩ ኬላ

ዘቡ ገብረጊዮርጊስ በጌጃ ሰፈር ኬላ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ሞቶ ተገኘ። ባሻ ወልደአማኑኤል ተጠርቶ ሲደርስ የቀትሩ ዝናብ አባርቶ ነበር። ሰባት የሰፈር ሰዎች እጅ ለእጅ ታስረው ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል፤ በፊታቸው ልደታ ጣቢያን የሚያዘው ጣልያን ማሬሻሎ አለንጋውን ቡትስ ጫማው ላይ እየመታ ይንጎራደዳል።

አስተርጓሚው የጌታውን ቃል አቀበለ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ገዳዩ ካልተገኘ ሰባቱም እዚሁ ይሰቀላሉ።»

ባሻ ወደ ሬሳው ተራመደ። በደጉ ዘመን የአራዳ ዘበኛ መርማሪ ነበር፤ ስሙን የሰማ ሌባ ሰፈር ይለቅ ነበር ይባላል። ጣልያን ሲገባ ግን የልጆች ሆድ ወዳጅና ጠላት አይለይምና፣ በልደታው ጣቢያ ጥርሱን ነክሶ ሲሠራ ይኸው ሁለት ዓመቱ። ዛሬ ግን ጥርስ መንከሱም አልበቃው አለ። 

ሬሳውን ገለበጠው። ግራ ጆሮ ግንዱ በከባድ ነገር ተመትቶ ሰርጉዷል። ጠመንጃው አጠገቡ ወድቋል። ባሻ ጠመንጃውን አየና ለራሱ «እንዴ!» አለ። በዚህ ዘመን ዘብ ገድሎ ጠመንጃ ትቶ የሚሄድ ሽፍታም ሆነ የሰፈር ጎረምሳ ከየት ይገኛል? ከዚያ የሟቹን ካፖርት ሲከፍት የቅቤ ሽታ መጣ። ቀኝ ትከሻው ከሸሚዙ ሥር በቁራጭ ጨርቅ ጠብቆ ታስሯል። ካፖርቱን መልሶ ቆለፈውና ተነሣ።

በመጀመሪያ የተራውን አለቃ፣ ሹምባሽ ሀብተሥላሴን ጠራ። በየኬላው እየዞረ ዘቦቹን መጎብኘት የሱ ግዴታ ነው። ረጅም፣ ደረቱን የነፋ፣ የጌቶቹን አረማመድ የተማረ ሰው ነበር።

«ዙርህን አድርገሃል?»

«መቼ አጓድዬ አውቃለሁ? ዝናቡ እንዳባራ መጣሁ። ገብረጊዮርጊስ ካቡ አጠገብ ቆሟል። ሲያየኝ ተረከዙን አጋጨ፣ እጁን እንደ ጣልያኖቹ ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ ሰጠኝ፣ “ሁሉም ደኅና” አለኝ። አልፌ ሄድኩ።»

«ኬላው ላይ ሁለት ሰው ነው የሚቆመው። ጓደኛው ሞቱማስ?»

«ለውኃ ሄዶ ኖሯል። ይህ ክፉ ሰፈር ልጁን ብቻውን አግኝቶ ፈጀው፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

ባሻ ዓይኑ ሹምባሹ ትከሻ ላይ ወዳለው ጠመንጃ ሄደ። አፈሙዙና ማንገቻው ጭቃ ተፈናጥቆባቸው ደርቋል፤ መሬት የሚነካው ሰደፉ ግን እንደ ታጠበ ዋንጫ ጸድቶ ያበራል። ባሻ አላነሣበትም። «ደግ፣ ከዚህ አትራቅ» ብሎ ሞቱማን አስጠራ።

ሞቱማ ቀረበ።

«ለውኃ ሄጄ ነው፣ ባሻ።»

«ዘብነት ማን ቀጠረህ?»

«እርስዎ ነዎት። አራዳ፣ በደጉ ጊዜ።»

«በመጀመሪያው ቀን ምን አልኩህ?»

«ተተኪ ሳይቆም ዘብ አይለቀቅም አሉኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ማን ቆመልህ?»

ሞቱማ ወደ ሹምባሹ ሰርቆ አየና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ልጆች አሉኝ፣ ባሻ። በልጆችዎ ይለፉኝ።» ባሻ ለጊዜው አለፈው። አንበርካኪው ሌላ መሆኑን እያወቀ በተንበረከከው ላይ መጮህ አልሆነለትም።

ከታሰሩት መካከል የሰፈሩ ወጌሻ፣ አሮጊቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት ነበሩ። ባሻ ፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣ የዚህን ልጅ ትከሻ ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«ብሆንስ? አሁን ደግሞ ስብራት ማሸትም ወንጀል ሆነ? ጣልያን ያሳደረህ ሰውዬ፣ ጠይቀህ ሙት!»

«ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። ግን ይንገሩኝ፤ እርስዎንም የሚያስፈታዎት እሱ ነው።»

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩት። «ትናንት እንስራ ተሸክሞ ድጡ ጣለው፤ ትከሻው ወልቆ መጣ። በቅቤ አሽቼ መለስኩና አሰርኩት። እስኪጠና እንዳታነሣው፣ እንጀራም በግራህ ጉረስ አልኩት።»

«ዛሬ እጁን ወደ ላይ መዘርጋት ይችል ነበር?»

«እንኳን ሊዘረጋ! የገዛ አፍንጫውን መጥረግ አይችልም።»

ባሻ ተነሥቶ ሁሉንም ካቡ ዙሪያ ሰበሰበ። ማሬሻሎው ወንበር ቀረበለት። ተረኞቹ ዘቦች ጠመንጃቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆሙ፤ ታሳሪዎቹም ቀና አሉ።

«ሹምባሽ፣ ገብረጊዮርጊስ ሰላምታውን በየትኛው እጁ ሰጠህ?»

«በቀኙ ነዋ! በግራ የሚሰጥ ሰላምታ አለ?»

«ካፖርቱን ክፈቱት» አለ ባሻ። ዘቦቹ ከፈቱት። የታሰረው ትከሻ ሲታይ አንድ ጉርምርምታ ተነሣ። «ወጌሻዋ ትናንት ያሰሩት ነው። ይህ እጅ ዛሬ ከወገብ በላይ አልወጣም። ሹምባሽ ያልተሰጠውን ሰላምታ ነው የተናገረው።»

ሹምባሹ ላቡ ወረደ፤ ነገር ግን ብልጥ ነበርና ወደ ትንሹ ጥፋት ሸሸ። «እሺ፣ ዙር አልወጣሁም ይሁን! እንደወትሮው ተናገርኩ እንጂ አላየሁትም። ስንፍና ነው እንጂ ነፍስ ማጥፋት ነው?»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ያንተ ግን ለማደርም አልበቃ» አለ ባሻ። ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሞቱማ፣ ሰባት ሰው ሊሰቀል ነው። ማን ቆመልህ?»

ሞቱማ ካቡን ተደገፈ። «እሱ!» ብሎ ጮኸ። «በቅሎዬን አምጣልኝ፣ እስክትመለስ እኔ እቆምልሃለሁ አለኝ። አለቃዬ ነው፣ ሄድኩ። ስመለስ ልጁ ወድቋል፤ እሱ ሰደፉን በጎርፉ ያጥባል። “ለውኃ ሄድኩ በል፣ አለዚያ የምትሰቀለው አንተ ነህ” አለኝ።»

«ሰደፉን እዩት!» አለ ባሻ። «ጠመንጃው ሁሉ ጭቃ ነው፣ መሬት የሚነካው ብቻ ንጹሕ ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሹምባሽ ሰላምታውን ጠየቀ። ልጁ እጁን ማንሣት አልቻለም። በውሸቱ ውስጥ ሰላምታውን ማን ጨምር አለው? ማንም። የገደለበት ነገር ከልቡ አልወጣ ብሎት ነው።»

«ናቀኝ!» ሹምባሹ ፈነዳ። «ሦስት ጊዜ እጅህን ዘርጋ አልኩት! ታምሜያለሁ ይለኛል! ሁሉም ታምሜያለሁ ይላል!»

የተናገረውን ራሱ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

አስተርጓሚው ሁሉንም ሲያስረዳ ማሬሻሎው ሳቀ። «ሰላምታ የነፈገ ዘብ ቢመታ ምን ይገርማል? ሹምባሹ በዚህ ጥፋት የለበትም። ግን ለኔ ዋሽቷል። ለጣልያን አለቃ የዋሸ ይታሰራል። ሰዎቹን ፍቷቸው። አንተም ሽማግሌ፣ ከነገ ጀምሮ ተራውን አንተ ትመራለህ።»

ባሻ «እሺ» አለ። ያቺን አንዲት ቃል ሲያወጣ አፉ ውስጥ ደም ደም አለው። የሰው ልጅ ነፍስ ከአንድ ውሸት አንሳ ተመዘነች፤ መዛኙም ወንበሩን አስነሥቶ ሄደ።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ገመድ የበላውን የእጅ አንጓቸውን እያሹ ቀረቡት። «ደሙስ? የልጁ ደም እንዲሁ ቀረ?»

«ቀብሩን ዛሬውኑ እንጨርስ፣ እማማ። ከዚያ የታሰራችሁት ሁሉ፣ ማሬሻሎው መልሶ ሳያስራችሁ፣ ከነቤተሰባችሁ ዕቃችሁን ሰብስቡ። ነገ የኬላው አለቃ እኔ ነኝ፤ የት ትሄዳላችሁ የሚላችሁ የለም።»

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ» አሉት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰባቱ ቤተሰቦች ሕፃን አዝለው፣ ዕቃ ጭነው በጌጃ ሰፈር ኬላ አለፉ፤ የባሻና የሞቱማ ልጆችም አብረዋቸው ነበሩ። ሞቱማ መንገድ ለቀቀላቸው። ባሻ ዙሩን ጀመረ። አንድም ኬላ ሳይዘል በየዘቡ ዘንድ ቆመ፤ በጆሮው ጥቂት ቃል ተናገረ፤ «የፈራ ይቅር፣ አልቀየመውም» እያለ አለፈ። የቀረ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ማሬሻሎው አዲሱን አለቃ ሊጎበኝ በመኪና ወጣ። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር እስከ ጌጃ ሰፈር ያሉትን ኬላዎች በሙሉ ባዶ አገኛቸው። ዘቦቹ ከነጠመንጃቸው፣ አንድ በአንድ፣ አርበኞቹ ወዳሉበት ጫካ ወጥተዋል። ባሻ ወልደአማኑኤልም የመጨረሻው ዘብ ማለፉን በዓይኑ ካየ በኋላ ተከተላቸው።