ጥቁር ቀለም ለነጭ ሳሙና

የጥራት ተቆጣጣሪው ሬሳ ከሳሙና ፋብሪካው ማደባለቂያ ጋን ሲወጣ መርማሪዋ አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች። ሽታው ሳሙናው የሚሠራበት ሞራ ይሁን የሰውየው አይለይም። ከሬሳው ይልቅ ያቅለሸለሻት ግን የምርት ኃላፊው ነበር፤ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል።

«ገፍቶ የከተተው የማሽኑ ኦፕሬተር ነው» አላት። «ጠዋት ተጣልተዋል። በምሳ ሰዓት ማሽኑ ዘንድ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እኔ ከቢሮዬ አልወጣሁም፤ ስምንት ሰዓት ላይ ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ኦፕሬተሩ በካቴና ታስሮ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ምሳዬን ጓሮ ነው የበላሁት፣ እህቴ። ስመለስ የጋኑን ክዳን ብከፍት እግር አየሁ። የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ በሰው ጥፋት አታስጨርሺኝ።»

«ጓሮ ስትበላ ማን አየህ?»

«ድመቷ።»

«ጠዋትስ ምን አጣላችሁ?»

«ሞራው ተበላሽቷል፣ ማሽኑን አቁም አለኝ። እኔ ማን ነኝና ነው የማቆመው? ሂድና አለቃውን ጠይቅ አልኩት።»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ወዳለው የምርት ዕቅድ ሰሌዳ ዞረች። ለዕለቱ የተጻፈው «ነጭ» ብቻ ነው። ከጋኑ የወረደው ሳሙና ግን ከሰል መስሏል። ወደ መጋዘን ሄደች።

«እትዬ፣ ዛሬ ጥቁር ቀለም የወሰደ አለ?»

«ኃላፊው ራሱ ነዋ!» አሉ የመጋዘኗ ሴት። «አሥራ አምስት ዓመት ስሠራ ኃላፊ በእግሩ መጥቶ ዕቃ ሲሸከም አይቼ አላውቅም። ይኸው፣ ሰባት ተኩል ላይ ፈርሟል። ፊርማውን እዪው፣ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።»

የፋብሪካው ባለቤት ሲደርስ መርማሪዋ ሁሉንም ጋኑ ሥር ሰበሰበች።

«ዕቅዱ ነጭ ነበር» አለች ለኃላፊው። «የተጀመረ ነጭ ሳሙና ውስጥ ጥቁር ቀለም የሚጨመረው፣ ነጭ ሊሆን እንዳይችል የሚያደርግ ነገር ሲገባበት ነው። የገባው ደም ነው። ሬሳው የተገኘው ስምንት ሰዓት፤ አንተ ቀለሙን የወሰድከው ሰባት ተኩል። ማንም ገና ያላየውን ደም እንድትሸፍን ማን ነገረህ? ተቆጣጣሪው ማሽኑን ሊያቆም ጋኑ አፍ ላይ ወጣ፤ ገፋኸው።»

«አራት ሺህ ካርቶን ሳሙና ዛሬ መውጣት ነበረበት!» ጮኸ ኃላፊው። «የምርት መስመሩ አንዴ ከቆመ እንደገና እስኪነሣ ሦስት ሰዓት ይበላል! ጋኑ ደግሞ ሙሉ ነበር። ታዲያ ሙሉ ጋን ይደፋል?»

መርማሪዋ ወደ መጋዘኗ ሴት ዞረች። «የጠቆረው ሳሙና የት አለ?»

«ግማሹ ተጭኖ ሄዷል» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ደጋግመው እየጠረጉ።

መኪናው እንዲመለስ ተደወለ። ካቴናው ከኦፕሬተሩ እጅ ወጥቶ ኃላፊው እጅ ገባ። ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠራረገና ኦፕሬተሩን ጠጋ አለው።

«እንግዲህ፣ ጋኑ ቶሎ ከታጠበ አሥር ሰዓት ላይ እንጀምራለን፣ አይደል?»

ኦፕሬተሩ ሽርጡን ፈቶ ባለቤቱ ክንድ ላይ አንጠለጠለው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይጠቡት» አለና ወደ ልጆቹ ሄደ።