አራተኛው ጎማ

ቀረብ በሉ። በሩ ተቀርቅሯል? ተቀርቅሯል አላችሁ። እሺ፣ አምናችኋለሁ።

ድሮ ነው። ጀምበር ጠልቃ፣ ሰው የሰውን ፊት መለየት ሲያቅተው፣ አንድ ሰው ብቻውን የተራራውን ቁልቁለት ይወርድ ነበር። የተሳፈረበት አውቶቡስ ተራራው አናት ላይ ተበላሽቶበት ነው። ይርዳው ይባላል፣ መካኒክ ነው። አሮጌ መኪና አድሶ ለውድድር በማብቃት እጁ የተመሰከረለት። ታዲያ ያን መንገድ ሰባት ዓመት ሙሉ በእግሩ ያልሄደበት ለምንድን ነው? ልንገራችሁ።

መኩሪያ የሚባል ጓደኛ ነበረው። መኩሪያ በአባቱ አሮጌ መኪና የተራራውን ውድድር ሊወዳደር ፈለገ። ይርዳው የመኪናውን እግር እንዳለ ሠራለት። ንዝረት የሚውጠውን አሞርዛተር ለወጠ፣ የድሮውን የታምቡር ፍሬን አውልቆ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ገጠመ። የቀረው ከፍሬኑ ቧንቧ አየር ማስወጣት ነው። አየር ውስጡ ከቀረ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ መኪናውም አይቆምም። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ተኝቶ አየሩን ይለቃል።

«ልርገጥ?» ይላል መኩሪያ ከላይ።

«ርገጥ!» ይላል ይርዳው ከሥር።

አንዱ ጎማ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው አለቀ። አራተኛው ጎማ ጭቃ ላይ ቆሟል። ይርዳው ደግሞ ሠርግ ተጠርቷል። ጭቃውን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

«አለቀ?» አለው መኩሪያ።

«አለቀ፣ ውረድ።»

በማግስቱ መኩሪያ ኩርባው ላይ ፍሬን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ገደል ገባ።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ፍጥነት ገደለው» አለ። ይርዳውስ ምን አለ? «ብመክረው አልሰማ አለኝ» አለ! የመኩሪያ እናት እማማ አስካለ ይህን ሰሙ። «እኔን ሳያስብ!» ብለው ልጃቸውን ተቀየሙት። ሰባት ዓመት መቃብሩ ጋ አልሄዱም። ይርዳውም ይህን እያወቀ እንቅልፍ አጥቶ ኖረ።

ያን ምሽት እንግዲህ ኩርባው ጋ ደረሰ። የፍሬን ዘይት ሸተተው። መኪና አለ? የለም። ትንሽ ሄደ። ከኋላው ፔዳል ሲረገጥ ሰማ። ሲጥ። ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። ሄደ። ሲጥ። ሲጥ።

«ልርገጥ?»

ዝም ማለት ነበረበት፣ አይደል? ግን የሃያ ዓመት ልማድ ነው፣ አፉ ቀደመው።

«ርገጥ!»

ቀዝቃዛ ትንፋሽ ማጅራቱን ነካው።

«አለቀ?»

ይርዳው ተንበረከከ። «አላለቀም! እኔ ነኝ የገደልኩህ። ጭቃ ተጠይፌ፣ ለሠርግ ቸኩዬ! ማረኝ!»

«ለእኔ አይደለም፤ ለእናቴ ንገር።»

እየተደናቀፈ ሮጠ። የእማማ አስካለን በር አንኳኳ። ከፈቱለት። ፊታቸውን ሲያይ ግን እውነቱን መናገር አፈረ።

«ምነው ልጄ፣ በደህና ነው?»

«ምንም የለም እማማ፣ እንዲያው ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

አያችሁት? እዚያም ዋሸ!

እማማ አስካለ ግን እሱን አያዩም። ከትከሻው በላይ ጨለማውን ነው የሚያዩት።

«አንተስ ግባ» አሉት። «ልጄን ግን ለምን ደጅ ታቆምብኛለህ?»

ብቻችሁን በጨለማ አትሂዱ እላችሁ ነበር። ግን ያላለቀውን አለቀ ያለ ሰው፣ ብቻውን የሚሄድ ይመስላችኋል?

በሩን ቀርቅረናል ያላችሁኝ ልጆች፣ እውነት ቀርቅራችሁት ነበር? ታዲያ ያ ከኋላችሁ የቆመው ማነው?