ከሾላ የገዛሁት ሰማያዊ ጃኬት

ይሄ የሆነ ነገር ነው።

ወላሂ እላችኋለሁ፣ ከራሴ የጨመርኩበት የለም። ብጨምርማ ኖሮ ራሴን ትንሽ ደፋር፣ ትንሽም ቆንጆ አድርጌ እጽፍ ነበር።

ኅዳር 1973 ዓ.ም.። ማክሰኞ። ሰዓት እላፊው ከተነሳ ብዙም አልቆየም፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። ቦታው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ።

ይህን ደብተር አንብባችሁ ለሌላ ስታቀብሉ ሰው ምረጡ። ቀበሌ እጅ ከገባ ቀበሌው ሳይደርስብኝ እናቴ ናት የምትገድለኝ።

ስሜ ፋዲላ ነው። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አልዘለቀልኝም። እግሬ ግን ይሠራል፣ በየካ ሴቶች መካከል ዳገት ላይ የሚቀድመኝ አልተገኘም። ካለች ትምጣ።

የቀበሌያችንን ወጣቶች ሩጫ የሚያሠለጥኑን ጋሽ አባይነህ የሚባሉ፣ ድሮ ለጦር ሠራዊት ይሮጡ የነበሩ ሰውዬ ናቸው። በወሩ መጨረሻ የተራራ ሩጫ ውድድር ነበረን። ኅዳር ደግሞ እንጦጦ ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው፣ ሲረግጡት እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ጓደኛዬ ጂቱ በሹራብ ሮጣ፣ ላቧ ጀርባዋ ላይ ደርቆ፣ ሁለት ሳምንት ስትስል ከረመች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ አባይነህ ጃኬት የሌለው ሰው ዳገቱን እንዳይረግጥ አሉ።

ጃኬት ሲሉ ደግሞ ዝም ብሎ ጃኬት አይደለም። ቁጭ አድርገው አስተማሩን። ሹራብ ላብ ይጠጣና ብርዱን ይዞ ይቀመጥባችኋል። ካፖርት ለለቅሶ ነው እንጂ ለሩጫ አይሆንም። ቀላል ይሁን፣ ግን ሆዱ አየር የሚይዝ። በእጃችሁ ጨብጡት፣ ስትለቁት ቶሎ ካልተነሳ ውስጡ ሞቷል፣ ተዉት። ጨርቁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ተንፍሱበት፣ ትንፋሻችሁ በዚያኛው በኩል ከወጣ ነፋሱም በዚያው ይገባል። ዚፑ ጉሮሮ ይድረስ። ስታጎነብሱ ወገባችሁ አይታይ።

ልጁን የሚድር አባት እንኳ እንዲህ አያጣራም።

ሾላ ሄድኩ። የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ሳልህ እዚያ ልባሽ ልብስ ይሸጣሉ። ጂቱን ይዣት ሄጄ ክምሩን ስገለብጥ ዋልኩ።

የቆዳውን ለበስኩት፣ ጥጃ ያዘልኩ መሰለኝ። ቀዩን ናይለን ተነፈስኩበት፣ በዚያ በኩል የጂቱን ግንባር አሞቀው። አንዱን ጥሩ ነው ስል ጨበጥኩት፣ ስለቀው እንደተጨበጠ ቀረ። ጂቱ ይሄስ አርፏል አለችና ሳቅን።

ከዚያ ከክምሩ ሥር ስጎረጉር...

እጄ ሞቀ።

እንደ ጫጩት ሆድ። የሆነ ነገር ከታች ሙቀት ነበረው።

ጎትቼ አወጣሁት። ሰማያዊ፣ ንጣፍ እንደሚሰፋ በመደዳ የተሰፋ ጃኬት። መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው ክብደቱ አይታወቅም። ስጨብጠው እፍኜን ሞላ። ስለቀው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደረት እንደሚነሳ። ተነፈስኩበት፣ አላሳለፈም። የእጅጌው ጫፍ ብቻ የራሱ አልነበረም፣ አንድ ሰው በአረንጓዴ ክር በእጁ ሠርቶ ቀጥሎበታል። ሲበዛ ንጹሕ ሥራ ነው።

ጋሽ ሳልህ ሲያዩት ፊታቸው ወደቀ።

እኝህ ሰውዬ እስከ አስር ሰዓት ድረስ በዋጋ የሚከራከሩ ናቸው። ያን ቀን ግን የሰጠኋቸውን ተቀበሉ። ብቻ ወደ እኔ እንዳትመልሺው አሉኝ።

እኔም ምላሴ አያርፍም። የማን ነበር አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አዩ። ጎንበስ አሉ።

«አንድ ዘበኛ ነው ያመጣው።»

«የት የሚጠብቅ?»

«እስር ቤት።»

«እና የራሱ ነው?»

«አልጠየቅኩትም የከማለዲን ልጅ። አንቺም አትጠይቂኝ።»

እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ። ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሾላ ልባሽ የሚገዛ ሰው ከእኔ በፊት ማን ለብሶት ነበር አይልም። ቢልማ ግማሹ ከተማ ራቁቱን ይሄድ ነበር። ዘበኛው ወፍሮ ጠቦት ይሆናል አልኩና ለበስኩት።

ሐሙስ ጠዋት ዳገቱን ጀመርን።

ጉም ነበር። ጂቱ ገና ስላልዳነች ከኋላ በእርምጃ ትከተለኝ ነበር። ጃኬቱ ዚፑን ሳልዘጋው ሞቀኝ። ጥሩ መረጥኩ ብዬ ኮራሁ።

ግማሽ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሰማሁ።

የእኔ ነው አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ...

ትንፋሹ ቀጠለ።

ቆምኩ። አጠገቤ አንድ እርምጃ ተረገጠና እሱም ቆመ። ከእኔ አንድ እርምጃ ዘግይቶ።

ባህር ዛፍ ነው፣ ቅርፊቱ እየወደቀ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጂቱ ስትደርስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ማነው አብሮሽ የሚሮጠው?»

«ማንም።»

«ፋዲላ...» አለችና በጣቷ ሣሩን አሳየችኝ።

ነጩ ሣር ላይ የእኔ ዱካ አለ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ። የባዶ እግር። ከእኔ እርምጃ ረዘም፣ ረዘም ያለ።



ቅዳሜ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ከላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የእኛ በቀኝ ነው። በግራ ያለው ቁልቁል ወርዶ ጫካው ጥግ ወዳሉት ቤቶች ይሄዳል፣ ሄጄበት አላውቅም። ቀኝ ልታጠፍ ስል እግሬ ግራ ሄደ። ማንም አልገፋኝም። ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ነው የሄድኩት። ጂቱ ባትጠራኝ ኖሮ አልቆምም ነበር።

ለምን አላወለቅሽውም ትሉኛላችሁ።

አወለቅኩት። ቤት ሰቅዬው አደርኩ። ጠዋት የእጅጌው አረንጓዴ ክር እርጥብ ነበር፣ አንድ ሰው ዓይኑን የጠረገበት ይመስል። እናቴ ዝናብ ነክቶት ነው አለች። ኅዳር።

ማክሰኞ ራሴ ግራውን ያዝኩ። ምን እንደሚፈልግ ልየው ብዬ። ጂቱ ተይ እያለች ከኋላ መጣች።

እርምጃው ከጎኔ ነበር። ሲወርድ ፈጠነ። ጓጉቷል። ይሄን እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም፣ ፍርሃቴ መሃል አዘንኩለት።

ጫካው ጥግ አንድ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት አለች። በሯ ላይ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብለው ዘንቢል ያሰናዳሉ። እንጀራ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በትንሽ ጣሳ ወጥ። የእስረኛ ስንቅ መሆኑን ማንም ያውቀዋል፣ ስንት ቤት ነው እንደዚያ ዘንቢል የሚይዘው።

ኮቴዬን ሰሙ። ቀና ሳይሉ፣

«ዘገየህ» አሉ።



ከዚያ ቀና አሉ። ፊቴን አላዩም። መጀመሪያ ያዩት እጅጌዬን ነው።

መጥተው ክንዴን ያዙ። አረንጓዴውን ክር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ጥልፍ በጥልፍ፣ እንደሚቆጥሩ።

«ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት።»



ስማቸው እትዬ ዘውድነሽ ነው። ልጃቸው አካሉ ይባላል። ኮተቤ ሲማር አንድ ፈረንጅ መምህሩ አገሩ ሲመለስ ጃኬቱን ትቶለት ሄደ። በየጠዋቱ በዚያ ጃኬት እንጦጦን ይሮጥ ነበር። እጅጌው ሲያልቅ እሳቸው ከራሳቸው ሹራብ ተርትረው ቀጠሉለት። መጋቢት 1970 ለሩጫ እንደወጣ ከመንገድ ወሰዱት። ጫማውን አስወልቀው ጭነውት ሄዱ ብሎ አንድ እንጨት ለቃሚ ነገራቸው።

ያኔ ጂቱ ክንዴ ላይ ተጣበቀች። የባዶ እግሩን ዱካ ሁለታችንም አስታወስነው።

ሁለት ዓመት ከስምንት ወር፣ ማክሰኞና ዓርብ ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ። በር ላይ ስም ይጠራል፣ ዘንቢሉ ይገባል፣ ባዶውን ይወጣል። ልጁ ለሞተበት ሰው ግን ሞተ ብለው አይነግሩትም። ስንቁን ይመልሱና አንድ ጥቅል ይሰጡታል። ልብሱን ውሰዱ ነው የሚሉት። አጠገባቸው ተሰልፈው የነበሩ ስንት እናቶች ጥቅል ተሰጥቷቸው እዚያው እንደወደቁ ነገሩን።

«እኔን ልብሱን ውሰጂ አላሉኝም» አሉ። «ስለዚህ አለ።»

ዘንቢሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ይሄን ጃኬት ማን ሸጠልሽ የኔ ልጅ?»

ስሙኝ፣ እኔ ውሸት አጥቼ አላውቅም። እዚያ ቆሜ ሦስት መጡልኝ። ለጓደኛው ሰጥቶት ነው። ሌባ ሰርቆት ነው። ሌላ ጃኬት ነው፣ ተመሳስሎብዎት ነው። አንዱን ብል ዘንቢላቸውን አንስተው ይሄዱ ነበር። ዛሬም፣ ዓርብም፣ የዛሬ አስር ዓመትም። ዓይናቸው ዋሺኝ ይለኝ ነበር።

ብብቴ ሥር ግን ጃኬቱ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይወርዳል። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«ዘበኛ ነው» አልኩ። «የእስር ቤት ዘበኛ አምጥቶ ሾላ ሸጠው።»

አልጮሁም።

ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። የእንጀራው ጨርቅ ተገልጦ ስለነበር መልሰው ሸፈኑት።

ከዚያ በሹክሹክታ፣

«አንዴ ሩጪልኝ።»

«ምን አሉኝ?»

«እስከ አናቱ ድረስ። ደርሰሽ ተመለሺ። እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የምጠብቀው። ከሩቅ መጀመሪያ የሚታየኝ ሰማያዊው ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ውድድሩንም ያን ያህል አልሮጥኩትም። እርምጃው ከጎኔ ነበር፣ ትንፋሹ ከትንፋሼ ጋር። ጂቱ እኮ ምስክር ናት። አናቱ ላይ ደርሼ ዞርኩ።

እሱ አልዞረም።

ብቻዬን ወረድኩ። የእኔ ኮቴ ብቻ። ጃኬቱ ቀዘቀዘ፣ ውኃ ውስጥ እንደከረመ ጆንያ ሆነብኝ።

እትዬ ዘውድነሽ ድንጋዩ ላይ ቆመው ነበር። እኔን አያዩም። ከጭንቅላቴ በላይ፣ ወደ አናቱ ነው የሚያዩት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

አውልቄ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ነጠላቸውን መሬት ላይ ዘረጉ። ጃኬቱን አስተኙት። ዚፑን እስከ ጉሮሮ ዘጉለት። እጅጌዎቹን ደረቱ ላይ አጣመሩ፣ አረንጓዴው በአረንጓዴው ላይ። የሬሳ አንገት እንደሚያስተካክሉ ኮሌታውን አስተካከሉ።

ልጃቸው ሬሳ አልነበረውም። ለእንደነዚያ ልጆች ደግሞ ማልቀስ ክልክል ነው፣ ያለቀሰ ሰው ማታ ይጠራል። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር የያዙትን...

አለቀሱ።

አንድ ድምፅ ነው። ረዥም። ስሙን ጠርተው። ሙሉውን ልጽፈው ብዬ ሞክሬ አልቻልኩም።

እኔ በስስ ቀሚስ ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ልሂድ፣ ሰው ይመጣል፣ ቀበሌ ይመጣል እያልኩ አስባለሁ። ጂቱ ክንዴን ጨመቀችው።

«ወደ ላይ እዪ» አለችኝ። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

ጉሙ ተነስቶ ነበር።

አናቱ ላይ ሰዎች ቆመዋል። አንድ አይደሉም። ሃያም አይደሉም። ባህር ዛፉ ከሚያልቅበት እስከ ኮተቤ በኩል ድረስ፣ ጎን ለጎን። አብዛኞቹ የእኔ ዕድሜ። ሸሚዝ ብቻ የለበሱ፣ ከነቴራ ብቻ፣ እሱም የሌላቸው። በዚያ ብርድ በባዶ እግራቸው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቁልቁል ያያሉ።

ልቅሶው ሲሰማ ሁሉም ባንዴ ወደ እኛ ዞሩ።

ከዚያ መውረድ ጀመሩ። አንዱ በዚህ፣ ሌላዋ በዚያ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደየቤቱ።

የየካ በሮች ገና አልተከፈቱም ነበር።