ከከብት በሽታዎች ጀርባ

ዛሬ ፀጉሬ የሸበተ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ መጽሐፍ ሲደባበቁ ስይዛቸው ግን መቆጣት ያቅተኛል። እኔም አንድ ጊዜ ደብቄ አውቃለሁና። ያውም ስለ ስስት የተጻፈ መጽሐፍ!

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርን። ነጥባችን እኩል የሆነ ሁለት ተማሪዎች ነበርን፤ ከሁለታችን አንዳችን በረዳት መምህርነት እዚያው እንቀራለን። የሥነ ጽሑፍ መምህርታችን ሊያወዳድሩን በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈች አንዲት አጭር ልብወለድ መረጡና «ስስትና ንስሐ በዚህች ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደቀረቡ ተንትኑ» አሉን። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው።

ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለግኩት! እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እህቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያስተማረችኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ «የኔዋ እዚያው አስተማሪ ልትሆን ነው» ብላ ጨርሳለች። እናም መጽሐፏን በሁለት ቀን አንብቤ፣ ማስታወሻዬን ያዝኩና ማንም ዝር ወደማይልበት የእንስሳት ሕክምና መጻሕፍት መደርደሪያ ወሰድኳት። ከከብት በሽታዎች ጀርባ ወሽቄያት እጄን አራግፌ ወጣሁ።

በማግስቱ «ቀስ በቀስ» መጣ። ይህን ስም ያወጣንለት እኛ ነን፤ ሌላው ሰው አሥር ገጽ ሲያነብ እሱ ገና አንዷ ላይ ነው። ተፎካካሪዬም እሱ ነበር።

«አንደኛ፣» አለኝ፤ እኔንም የሚጠሩኝ እንዲህ ነው፤ «መጽሐፏን አይተሻታል?»

«መደርደሪያ ላይ መልሻታለሁ።»

ውሸትስ አልነበረም። የትኛው መደርደሪያ እንደሆነ ነው ያልነገርኩት።

«በይ እስቲ አፋልጊኝ።»

አፋለግኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አብሬው ዞርኩ፤ ወደ ከብቶቹ ሲጠጋ «እዚያ ደግሞ ምን ልትሠራ!» እያልኩ እመልሰዋለሁ። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ስቦ ሲያወጣ፣ በክፍተቱ ከወዲያ ማዶ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። የምንፈልገውን ነገር ለአፍታ ሁለታችንም ረሳነው።

በአራተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ደጅ ካለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«በቃ፣ ያነበብሽውን ንገሪኝ።»

ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ተረኩለት። ሰውየው ሻማ ነጋዴ ነው፤ ሻማ እየሸጠ ቤቱ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጥ ስስታም። ታሞ ለአንድ ሳምንት ዓይኑ ይጠፋል። ያን ሳምንት እጁን ይዛ የምታስታምመው፣ አንዲት ሻማ ለምናው የከለከላት ጎረቤቱ ናት። ዓይኑ በበራ ጠዋት ሻማዎቹን ተሸክሞ በየቤቱ ያድላል።

«ፈርቶ ነው እንጂ አልተለወጠም» አልኩ። «ዓይኑ ተመልሶ እንዳይጠፋ ሰግቶ ነው።»

እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ አሰበበት። ያን ቀስታውን መውደድ ጀምሬ ነበር።

«የፈራ ሰው በሩን ይዘጋል እንጂ የሰው በር አያንኳኳም» አለ። «ጎረቤቲቱ እጁን ስትይዘው ምን አለችው?»

«ምንም አላለችውም።»

«አየሽ! እሷ ናት የለወጠችው።»

ክው አልኩ። ሳያነብ ከእኔ በልጦ ገብቶታል። ያን ቀን ነው የወደድኩት።

ጽሑፉን ልናስገባ ሁለት ቀን ሲቀረን «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለኝ። «እንዳንቺ ያለ ደግ ሰው አላየሁም።»

ይህቺን አልቻልኳትም። ወደ መደርደሪያው ወስጄ መጽሐፏን አወጣሁለት።

መጀመሪያ ሳቀ። «ከከብት በሽታ ጋር?» ከዚያ ነገሩ ገባው፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አብረሽኝ ስትፈልጊ…»

«እያወቅኩ ነው።»

መጽሐፏን ተቀብሎኝ ሄደ። ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ!

ከዚያው በቀጥታ መምህርታችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አዩኝ።

«ለእሱ ሁለት ሳምንት እጨምርለታለሁ» አሉ። «አንቺ ግን ከውድድሩ ወጥተሻል።»

እህቴ ስትሰማ የምትጨምቀውን ልብስ አስቀመጠች። «መደበቁን ከማን ተማርሽው? ከእኔ አይደለም» አለች። ከውድድሩ መውጣቴ የእሷን ቃል ያህል አላመመኝም።

ቦታውን እሱ አገኘ። እኔ ተመርቄ ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። እሱን ይቅርታ የጠየቅኩባቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ አልመጣላቸውም። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ናፍቆቱ ግን አላልፍ አለኝ። ደረጃ ላይ የተቀመጠ ወንድ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ መልኩን አጣራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈተና እያረምኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እሱ ነው። ከስቷል፤ ጫማው የመንገድ አቧራ ለብሷል።

«ያቺ መጽሐፍ አንድ ጉድለት አላት» አለኝ፣ ሰላም እንኳን ሳይለኝ። «ሰውየው ባንድ ጠዋት ይለወጣል፤ እሺ፣ ይሁን። ግን የበደላቸው ሁሉ በዚያው ጠዋት ይቅር ይሉታል። ይሄ የት አለ? እኔ ሁለት ዓመት ተናድጄብሻለሁ።»

«አሁንስ… ጨረስክ?» አልኩት።

«አልጨረስኩም። ትንሽ ይቀረኛል።» አቀርቅሮ ጫማውን አየ፤ ከዚያ እኔን። «ግን ብቻዬን መናደድ ሰለቸኝ። የቀረችውን እዚሁ አጠገብሽ ሆኜ ልጨርሳት ብዬ ነው የመጣሁት።»

እንባዬን እየጠረግኩ ሳቅኩና አስገባሁት።

ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን፤ ያቺ ትንሽ ንዴት ዛሬም አላለቀችለትም።