አሥራ ሦስት የተባለው ሥራ

የባሮክን አስከሬን ያገኙት እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚሰበስቡት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው። ከእንግዳ ማረፊያው በታች፣ የእግር መንገዱ ከሚታጠፍበት ገደል ሥር በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ሌሊቱን ስለዘነበ እግሩ የተንሸራተተበት ቦታ ጭቃው ላይ በግልጽ ይታያል።

ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። በዚያ ሳምንት ያየችው ሦስተኛ አስከሬን ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷም ቁልቁለት አይወድም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ የሟቹን ጃኬት ፈተሸች። ስልክና አንዲት ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት አገኘች። «የሕፃናት መድኃኒት መጠን» ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ አምስት ቁጥር ተሰርዞ አሥራ ሦስት ተተክቷል። ወረቀቷን ለማንም ሳታሳይ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አኖረቻት።

«እናቴ፣ ድምፅ ሰምተው ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ሰው ሲጣራ ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። «ጓደኞቹን የሚጠራ መስሎኝ ሸክሜን ማሰር ቀጠልኩ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

እንግዲህ ሰውየው እንደወደቀ አልሞተም።

ላይ፣ በማረፊያው አዳራሽ፣ ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ግድግዳውን የሞሉትን ቢጫ ወረቀቶች እያዩ ተቀምጠዋል። ከሲ.ኤም.ሲ ቢሯቸው ለእቅድ ስብሰባ የመጡ ናቸው። ነርሶች ለሕፃናት የሚሰጠውን መድኃኒት በስልክ የሚያሰሉበት ሶፍትዌር ይሠራሉ። አንድ ሆስፒታል ለሙከራ ሥራ ላይ አውሎታል፤ ሰኞ ደግሞ በይፋ ይረከበዋል። ባሮክ የቡድኑ አስተባባሪ ነበር።

ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። መጀመሪያ የገባው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ፍሮምሳ ነው።

«ቁጥሮቹ ምንድን ናቸው?»

«አጃይል የሚባል አሠራር ነው። ሥራውን ቆራርጠን በየሁለት ሳምንቱ እንጨርሳለን። እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም በካርድ እንገምታለን። ቀላሉ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የባሰበት አሥራ ሦስት።»

«የሕፃናት መድኃኒት መጠኑስ?»

«ስሌቱ ተፈትሾ ስላለፈ የቀረው ማጠናቀቂያ ብቻ ነው ብለን አራታችንም አምስት አወጣን። ከዚያ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ለእረፍት ወጣን። እኔ በረንዳው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ አጠገቤ ቢጮህም አልሰማም ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሠረቀብርሃን ተከተሉ። በእረፍቱ ሰዓት ብቻቸውን ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጥተው እንደነበር ተናገሩ። ምስክር የላቸውም።

«ባሮክ ርክክቡ ይራዘም ብሎዎት ነበር?»

«ሁለት ጊዜ አራዝመናል። ለሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቀኝ እምቢ እለው ነበር። ግን አልጠየቀኝም።»

በመጨረሻ ሶፍትዌሩን የምትፈትሸው ፌበን ገባች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ለእረፍት ከወጣችሁ በኋላ ባሮክን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። ክፍሌ ነበርኩ።»

«የሕፃናት መድኃኒቱ ሥራ ያን ያህል አስቸጋሪ ነበር?»

«አሥራ ሦስት የተባለ ሥራ እኮ ነው። እስከ ሰኞ ማን ይጨርሰዋል?»

የሙሉጌጥ እስክሪብቶ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቀቻትና አሰናበተቻት።

በሟቹ ስልክ ላይ ወደተመዘገበው የመጨረሻ ቁጥር ደወለች። ኡርጂ የተባለች የሆስፒታሉ ነርስ አነሣች።

«አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ደውዬለት ነበር» አለች። «ስልኩ ለአንዲት ሕፃን ሦስት እጥፍ መጠን አወጣ። ደግነቱ ሳልሰጣት አየሁት።»

«ምን አለሽ?»

«ቁጥሩን እንድደግምለት ጠየቀኝ። ከዚያ ‹ይህ ተፈትሿል ተብሎ ተፈርሞበታል እኮ› አለኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቢጫዋን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ለእረፍት ስትወጡ ይህ ሥራ አምስት ነበር። አይደለም?»

«ነው» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን።

«ኡርጂ ስለ ስህተቱ የነገረችው ከወጣችሁ አሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን ከግድግዳው አንሥቶ አምስቱን ሰረዘ፤ አሥራ ሦስት ጽፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ለማንም አልደወለም፣ መልእክትም አልላከም። ወረቀቱም እስካሁን ከእኔ እጅ አልወጣም። ስለዚህ አሥራ ሦስት መባሉን ሊያውቅ የሚችለው በእረፍቱ ሰዓት ባሮክን ያገኘ ሰው ብቻ ነው። ፌበን፣ አላየሁትም ብለሽኛል። ቁጥሩን ግን አንቺው ነገርሽኝ። ተፈትሿል ብሎ የፈረመውስ ማን ነው?»

ፍሮምሳ ዞር ብሎ አያት። ፌበን ለመካድ እንኳ አልሞከረችም።

«ሳልፈትሽ ነው የፈረምኩት» አለች። «ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሜ እሁድ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ስነቃ ቀኑ አልፎ ነበር፣ ፈረምኩ። ባሮክ መንገዱ ላይ ወረቀቱን አሳየኝ። አልተቆጣም። ‹ለሁሉም እንነግራቸዋለን፣ ሌላ ሁለት ሳምንት እንጨምራለን› አለኝ። ሌላ ሁለት ሳምንት ሲለኝ ገፋሁት።»

«ሲጣራ ሰምተሻል?»

«ስሜን ነበር የሚጠራው።» እጆቿን አየች። «ልወርድ አስቤ ነበር። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን አጠብኩ።»

አቶ ሠረቀብርሃን ከመቀመጫቸው ተነሡ። «በየማለዳው ቆመን በምናደርገው አጭር ስብሰባ ምን ያስቸገረሽ ነገር አለ ብዬ እጠይቅሽ የለም? አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«መጀመሪያ ሰሞን ብዬዎት ነበር። ‹ሁለት ሳምንት ብቻ ቻይው› አሉኝ። ከዚያ በኋላ ‹ምንም የለም› ማለት ጀመርኩ።»

ሰውየው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ፍሮምሳ» አለች ኢንስፔክተሯ በድካም ድምፅ፣ «ያ ነገር አሁንም ሆስፒታሉ ውስጥ እየሠራ ነው?»

ፍሮምሳ ክው አለ። ቀኑን ሙሉ ማንም አላሰበበትም። ላፕቶፑን ከፈተ፤ የይለፍ ቃሉን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

«ዘጋሁት» አለ በመጨረሻ።

ሙሉጌጥ መልሳ ለኡርጂ ደወለች። ነርሶቹ ከጠዋቱ ጀምሮ ስልኩን ትተው መጠኑን በወረቀት እያሰሉ እንደነበር፣ ሕፃኗም ደህና እንደሆነች ነገረቻት። የሰማችውን ለሁሉም ደገመችላቸው። ፌበን ያን ጊዜ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

ኢንስፔክተሯ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት፤ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ መኪናው ወረዱ።